ከሰው የተደበቀና ከራስ የተደበቀ፦ እመቃና ስውር አእምሮ በሥነ ልቦናና በልብ ወለድ

የማራኪው አንባቢ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር እየተሰባሰብን ልብ ወለድ በምናነብ ሰዎች ዘንድ አንድ አባባል ከሚገባው በላይ እየተለመደ ስለመጣ፣ ጉዳዩን በጽሑፍ ብንወያይበት ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ገጸ ባሕርይው ዝም ካለ፣ የወደዳትን ሴት ካልነገራት፣ ወይም በጌታው ፊት አንገቱን ከደፋ፣ ወዲያውኑ «ስሜቱን አምቆ ነው፤ የሚመራው ስውር አእምሮው ነው» ይባላል። የእኔ አቋም ግን ሌላ ነው። በልብ ወለዶቻችን ውስጥ እመቃ ብለን የምንጠራው አብዛኛው ነገር ሰውየው አሳምሮ የሚያውቀውን ነገር ከሌሎች ሰዎች መደበቁ ነው። ይሉኝታ፣ ፍርሃት፣ ክብር፣ ብልጠት፣ ሁሉም ከሰው የመደበቂያ ምክንያቶች ናቸው። እመቃ የተባለው ነገር ግን ሰው ከራሱ የሚደብቅበት ሥራ ነው፤ የሚደብቀውም፣ የሚደበቅበትም ያው አንድ ሰው ነው።

የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1915 ስለ እመቃ በጻፈው ድርሰት የነገሩን ምንነት በአጭሩ አስቀምጦታል፤ አንድን ሐሳብ ከንቃተ ህሊና ማራቅ፣ ከዚያም እንደራቀ እንዲቆይ ማድረግ ነው። የታመቀው ነገር አይሞትም። በሕልም፣ በአፍ ወለምታ፣ በበሽታ ምልክት መልኩን ለውጦ ለመመለስ ይታገላል፤ ስለዚህም እመቃ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ ሳይሆን ያለማቋረጥ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ያው ሰው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል በቪየና ዩኒቨርሲቲ በሰጣቸው ትምህርቶች ላይ አእምሮን በሁለት ክፍሎች መስሎ አስረድቷል፦ ሐሳቦች ሁሉ የሚጋፉበት አንድ ሰፊ አዳራሽ፣ ከዚያም ንቃተ ህሊና የተቀመጠችበት አንድ ጠባብ እልፍኝ አለ፤ በመካከላቸው ደፉ ላይ የቆመው እልፍኝ አስከልካይ ደግሞ ያልወደደውን ይመልሳል። ልብ በሉ፤ በእልፍኙ የተቀመጠችው የተመለሰው ማን እንደሆነ አታይም። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው።

ፍሮይድ በ1926 ባሳተመው ሌላ ሥራው ደግሞ ይህንኑ ልዩነት ለእኛ ቅርብ በሆነ መልክ ገልጾታል። ሳይኮአናሊሲስ (ታማሚን እያናገሩ ከራሱ የተደበቀውን የሚፈልጉበት የፍሮይድ ሕክምና) ከንስሐ በምን ይለያል ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ፣ ኃጢአተኛው ለካህኑ የሚናገረው የሚያውቀውን ነው፤ ታማሚው ግን ከሚያውቀው በላይ እንዲናገር ይፈለጋል የሚል ነበር።

እንግዲህ በዚህ መለኪያ የሁላችን ወዳጅ የሆነውን የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህ እንየው። ወላጆቹ ለእግዚአብሔር በስለት የሰጡት ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌልንም ይወዳል። ሁለቱን ነገሮች ያውቃቸዋል፤ የሚሠቃየውም ስለሚያውቃቸው ነው። በእርሱ ውስጥ ያለው ጦርነት በብርሃን የሚደረግ ጦርነት እንጂ በጨለማ ያለ አይደለም። ጉዱ ካሣ ደግሞ ከዚህም ይርቃል፤ ሌላው ሰው በሆዱ የያዘውን እርሱ በአደባባይ ይናገረዋል፤ «ጉዱ» የሚለውን ስም ያተረፈለትም ይኸው ነው። ይህን የምለው ሐዲስ ዓለማየሁን ለማሳነስ አይደለም። ታላቅ ልብ ወለድ ለመሆን እመቃ የግድ አያስፈልግም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አንድ ደራሲ ገጸ ባሕርይው ከራሱ እየደበቀ መሆኑን ለአንባቢ የሚያሳየው በምንድን ነው? ሰውየው ራሱ የማያውቀውን ነገር እኛ አንባቢዎች በምን እናውቃለን?


ነርስ ከአዘዞ

መምህር፣ ልዩነቱን ማንሣትዎ መልካም ነው። በሕክምናው በኩል ግን እንዲህ ጥርት ብሎ አይገኝም። የሐሳቡ ባለቤት ራሱ እንኳ ከመነሻው እንዲህ አልከፈለውም፤ ፍሮይድ ከዮሴፍ ብሮየር ጋር በ1895 ባሳተመው የሂስቴሪያ ጥናት ውስጥ፣ ታማሚው ሊረሳው የፈለገውን ነገር ሆን ብሎ ከሐሳቡ እንዳስወጣው ተደርጎ ተጽፎ ይገኛል። አውቆ መዋጥና ሳያውቁ ማመቅ እየተራራቁ የሄዱት በኋላ፣ የልጁን የአና ፍሮይድን የ1936 መጽሐፍ በመሳሰሉ ሥራዎች ነው።

በሥራዬ የማየውን በጥቅሉ ልንገርዎት። ድምፅዋ የጠፋ ሴት፣ ወይም እግሩ አልታዘዝ ያለው ወጣት ይመጣል፤ ሲመረመሩ የነርቭ ጉዳት አይገኝባቸውም። ቤተሰብ አስቀድሞ ጠበል ወስዷቸዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለክፎት ነው ይላል። ድሮ ቢሆን ሐኪሙ «የታመቀ ነገር አለባት» ብሎ ይደመድም ነበር። ከ2013 ወዲህ የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ግን ለዚህ ሕመም የሥነ ልቦና መንስኤ መገኘት አለበት የሚለውን መስፈርት አስቀርቶታል፤ ምርመራው የሚቆመው በሰውነት ላይ በሚታዩ ምልክቶች ነው። እኔም ታማሚ ፊት ቁጭ ብዬ «አንቺ የማታውቂው፣ እኔ የማውቀው ነገር አለ» አልልም።

ሌላም አለ። ከጦርነቱ ወዲህ ወደ እኛ የሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ የረሱ አይደሉም፤ መርሳት ያቃታቸው ናቸው። ቀን ትዝታው ይጥላቸዋል፣ ሌሊት ቅዠቱ ያባንናቸዋል። እመቃ ለከባድ ነገር ሁሉ የአእምሮ ተፈጥሯዊ መልስ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሕዝብ በር ላይ አይሰለፍም ነበር።


ቁጥር ወዳዱ

እህታችን ያለችውን አጸናለሁ፤ ከዚያም አልፌ እሄዳለሁ። ስለ ስውር አእምሮ ስንነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ጆንያ እየጨመርን ነው።

አንደኛው ነገር በማያጠራጥር ሁኔታ አለ፤ አእምሯችን ሳናውቀው ብዙ ሥራ ይሠራል። ስዊሳዊው ኤድዋርድ ክላፓሬድ በ1911 የጻፈውን ብቻ ብናይ ይበቃል። አዲስ ነገር ማስታወስ የማትችል አንዲት ታማሚ ነበረችው፤ አንድ ቀን በእጁ መርፌ ደብቆ ሲጨብጣት ወጋት። ቆይቶ እንደገና እጁን ሲዘረጋላት መወጋቷን ፈጽሞ ባታስታውስም እጇን ሰበሰበች። እዚህ ላይ የማታውቀው እውቀት አለ፤ ነገር ግን ማንም አላመቀውም፤ የሚያሳፍር ምኞትም የለበትም፤ እልፍኝ አስከልካይም አላስፈለገም።

ሁለተኛው፣ ማለትም የሚያሳፍረውን ነገር ለይቶ የሚያርቅና የሚጠብቅ ኃይል መኖሩ፣ ማስረጃው ከዚያ በጣም የሳሳ ነው። ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ በ1987 ያሳተሙትን እዩ። ተማሪዎች ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡም ደወል እንዲመቱ ታዘዙ። አልቻሉም። በኋላ «አሁን አስቡ» ሲባሉ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይበልጥ አሰቡት። ይህ የመዋጥ ሙከራ ነው፤ ውጤቱም መርሳት ሳይሆን ተቃራኒው ነው። በሌላ ወገን ማይክል አንደርሰንና ኮሊን ግሪን በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ከአንድ ቃል ጋር ተጣምሮ የተማሩትን ሌላ ቃል ደጋግመው ከማሰብ ሲታቀቡ በኋላ ማስታወሱ እንደሚከብዳቸው ታይቷል። የፍሮይድ ወዳጆች በዚህ ደስ አላቸው። ነገር ግን የተረሳው ተራ ቃል ነው፤ የሚረሳውም ሰው ታዝዞና አውቆ ያደረገው ነው። በመምህር መለኪያ ከሄድን ይህ እመቃ አይባልም።

አደጋውንም መርሳት የለብንም። በአሜሪካ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ «የታመቀ ትዝታ ላውጣላችሁ» የሚሉ ሐኪሞች በዝተው ቤተሰቦች ፍርድ ቤት ቆመዋል። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ዣክሊን ፒክሬል በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ24 ሰዎች ሩብ ያህሉ በልጅነታቸው ገበያ አዳራሽ ውስጥ ጠፍተው እንደነበር የሚተርክ ፈጽሞ ያልሆነ ታሪክ በከፊልም ሆነ በሙሉ «አስታውሰዋል»። ተቆፍሮ ወጣ የሚባለው ትዝታ ቆፋሪው ራሱ የቀበረው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ልብ ወለድን በተመለከተ የምለው የለኝም። ደራሲ የፈለገውን መፍጠር መብቱ ነው።


የፋሲል ግቢ ተማሪ

ጋሼ ቁጥር ወዳዱ፣ «የፈለገውን መፍጠር መብቱ ነው» ብለው ማለፍዎ ቅር አሰኝቶኛል፤ ምክንያቱም ፍሮይድ ራሱ ማስረጃ ብሎ ካቀረባቸው ነገሮች አንዱ ልብ ወለድና ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. 1900 ተብሎ ተጽፎበት በወጣው የሕልም መጽሐፉ ላይ ሶፎክልስንና ሼክስፒርን ጎን ለጎን አቁሟቸዋል። የኤዲፐስ ምኞት፣ ማለትም አባትን ገድሎ እናትን ማግባት፣ በመድረክ ላይ ይፈጸማል፤ በሐምሌት ግን ያው ምኞት ታምቆ ስለሚቆይ፣ መኖሩን የምናውቀው ሐምሌትን በማሰናከሉ ብቻ ነው ይላል። ይህ የመምህርን ጥያቄ የሚመልስ አይመስላችሁም?


የቅኔ ቤት ልጅ

እኅቴ ተማሪዋ፣ ወደ ኤዲፐስ ከመሄዳችን በፊት አንድ ቃል ይፈቀድልኝ። ኤዲፐስ አባቱንና እናቱን ያላወቃቸው ስላመቀ አይደለም፤ በሕፃንነቱ ለእረኛ ተሰጥቶ ስለሄደና የነገረው ስለሌለ ነው። ያልተነገረውን አለማወቅና የሚያውቁትን ከራስ መደበቅ ለየቅል ናቸው።

እኔ የመጣሁት ስለ ሰምና ወርቅ ልናገር ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ርእስ ላይ ውይይት በተነሣ ቁጥር «እኛ ስውር አእምሮን ከፍሮይድ በፊት በቅኔ አውቀነዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን አልቀበልም። ባለ ቅኔ ወርቁን ያውቀዋል። ሳያውቀው ወርቅ የሚወጣለት ተማሪ ቢኖር መምህሩ አያመሰግነውም፤ «ምን ለማለት ነው?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ቅኔ በንጉሥም ፊት ቢሆን በጳጳስ ፊት፣ ሊባል የማይችለውን አውቆ ለሚሰማ ሰው የማድረሻ ጥበብ ነው፤ ከሰው የመደበቅ ጫፍ ቢባል ይገባዋል። ፍሮይድም በሕልም ውስጥ ያለውን ማድበስበስ ሳንሱርን ፈርቶ አለባብሶ ከሚጽፍ የፖለቲካ ጸሐፊ ጋር አነጻጽሮታል፤ ንጽጽሩ ግን እዚሁ ላይ ይሰበራል። ጸሐፊው ምን እንዳለባበሰ ያውቃል፤ ሕልም ዓላሚው አያውቅም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያወጣ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰብስቦ፣ እርሱም በተከታዩ ዓመት የገባበት የጠፋው አንባቢዎቹም ስላወቁ ነው።

ከቅኔ ይልቅ ለነገራችን የሚቀርበው የትርጓሜው ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። ጎንደር የትርጓሜ አገር ናት፤ በመምህር ኤስድሮስ ስም የሚነሣው ታች ቤት የተደራጀው እዚህ ነው። የአንድምታ መምህር አንድን ንባብ ይዞ አንድ ፍቺ ይሰጣል፤ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል፤ ሁለተኛው የፊተኛውን አይሽረውም። ፍሮይድም አንድ የሕልም ምስል ከብዙ ሐሳቦች የተሸመነ ነው፤ አንድ ፍቺ ተገኘለት ማለት ሌላ የለውም ማለት አይደለም ይላል። እስከዚህ ድረስ ይመሳሰላሉ። የሚለያዩት በሥልጣን ነው። የትርጓሜው መምህር «አንድም» የሚለው ከመምህሩ ስለተቀበለ ነው፤ ከራሱ ቢጨምር ጉባኤው ይይዘዋል። የሕልም ፈቺው ሐኪም ግን የሚይዘው ጉባኤ የለውም፤ ታማሚው «አይደለም» ቢለው እንኳ «መካድህ ራሱ ማስረጃ ነው» ማለት ይችላል። ካርል ፖፐር በ1963 ባሳተመው መጽሐፉ የከሰሰውም ይህንኑ ነው፤ ምንም ዓይነት የሰው ጠባይ የማያስተባብለው ንድፈ ሐሳብ ሳይንስ አይባልም ብሎ።

በሉ እንግዲህ፣ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚለውንም የእመቃ ተረት አድርጋችሁ እንዳታመጡብኝ። ሆድ ያባውን ያውቃል፤ ብቅል የሚፈታው ምላስን ነው።


የማራኪው አንባቢ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። የቅኔ ቤቱ ወንድሜ ሐሳቤን ከእኔ በተሻለ ቋንቋ ገልጾታል፤ ስለ ኤዲፐስም እስማማለሁ።

ሐምሌትን ግን በቀላሉ አልለቅም። ፍሮይድ ያነሣው ነጥብ ብርቱ ነው፤ ሐምሌት መሥራት የማይችል ሰው አይደለም። ከመጋረጃ በስተኋላ የተደበቀውን ፖሎኒየስን ሳያመነታ ይወጋዋል፤ ሁለቱን የቤተ መንግሥት ባልንጀሮቹን ለሞት ይልካቸዋል። ያቃተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቱን ገድሎ እናቱን ያገባውን አጎቱን መግደል። ፍሮይድ ከዚህ ተነሥቶ፣ አጎትዬው የፈጸመው የሐምሌትን የራሱን የልጅነት ምኞት ስለሆነ ነው ይላል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ለእኔ ጽሑፉ ከሚሸከመው በላይ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ፣ ማለትም በሁሉ ቦታ የሚሠራ እጅ በአንድ ቦታ ብቻ መስነፉ፣ እውነተኛ ምልክት ነው። ደራሲው በሰውየው ሥራ ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ ትቶ፣ ሰውየው ባዶውን ቦታ በምክንያት ላይ ምክንያት ሲሞላው ያሳየናል።

እህቴ ነርሷ ስለ 1895ቱ ጽሑፍ ያልሽው ትክክል ነው። በሕይወት ውስጥ ድንበሩ ቢደበዝዝም ግን ለንባብ ድንበሩን ማስመር ይጠቅማል፤ አለዚያ ዝምታ ሁሉ አንድ ይሆንብናል።


የቀሃው አዛውንት

ልጆቼ፣ ከቪየና እስከ ለንደን ስትዞሩ በራሳችሁ ሰፈር የሆነውን ነገር ዘላችሁታል። ታሪክ አስተምር የነበርሁ ሰው ስለሆንሁ በዓመተ ምሕረት ልጀምር።

እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር ተነሥቶ ጅቡቲ የደረሰ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ነበር፤ መሪው ማርሴል ግሪዮል ይባላል። ይህ ቡድን በ1932 በመተማ በኩል ገብቶ ከሐምሌ ጀምሮ ወራት ያህል ጎንደር ተቀመጠ። (የእንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ነቅሎ በቅጂ ተክቶ የሄደውም ይኸው ቡድን ነው፤ ሥዕሎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው። ይህ ሌላ ቁስል ስለሆነ አልገባበትም።) የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የሚባል ባለቅኔ ነበር። ሌሪስ ወደ አፍሪካ ከመምጣቱ በፊት ከ1929 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ አድሪያን ቦረል በተባለ ሐኪም ዘንድ ሳይኮአናሊሲስ ሲታከም የቆየ ሰው ነው። እንግዲህ በፍሮይድ መንገድ የታከመ ጸሐፊ ጎንደር መጥቶ ምን አጠና ብትሉ፣ ዛርን። በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት፣ መልካም አያሁ በተባሉ ባለ ዛር ሴትና በልጃቸው በእማዋይሽ ቤት እየዋለ ያየውንም፣ የራሱንም ሕልም በማስታወሻው አሰፈረ፤ ማስታወሻውም በ1934 ታተመ።

አሁን ወደ ክርክራችሁ ልምጣ። መምህሩ «ከሰው መደበቅ» እና «ከራስ መደበቅ» ብሎ ሁለት ከፍሎታል። በዛር ቤት የሚሆነውን ግን ከሁለቱ በየትኛው ታደርጉታላችሁ? ዛር የሰፈረባት ሴት የዛሩ ፈረስ ትባላለች። ጉሪው ሲይዛት ትወዛወዛለች፤ ከዚያ ዛሩ በአፏ ይፎክራል። ፉከራ በአደባባይ የወንድ፣ ያውም የጀግና ነው፤ እርሷ በራሷ ስም ብትፎክር ሰፈር ይሥቅባታል፤ በዛሩ ስም ግን ጋሻና ጦር እንዳነገተ አርበኛ ስትፎክር ባልም ጎረቤትም አክብሮ ይሰማል። ዛሩ ቡና ይጠይቃል፣ ሽቶ ይጠይቃል፣ ቀለሙ የተለየ ልብስ ይጠይቃል፣ በባል ላይ ይቆጣል። ባልም ይገዛል። ሲለቃት «ምን አልሁ?» ብላ ትጠይቃለች።

ታዲያ ይህች ሴት ታውቃለች ወይስ አታውቅም? ሌሪስ ነገሩን አብላልቶ በ1958 ስለ ጎንደር ሰዎች ዛርና ስለ ቴአትራዊ ገጽታው ባሳተመው መጽሐፍ የሰጠው መልስ ከሁለቱ መካከል ያለ ነው። አታላይ አይደለችም፤ ፈጽሞ ራሷን የሳተችም አይደለችም። የሚጫወቱት ቴአትር ሳይሆን የሚኖሩበት ቴአትር ነው ይለዋል። በዚያው ዓመት ደግሞ ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ፣ ዛርን እንደ ቡድን ሕክምና የሚያይ ጽሑፍ አሳትሟል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌሪስ ራሱ ነው። ሁሉን ሲጽፍ፣ ሁሉን ሲመዘግብ ቆይቶ፣ የተለከፉትን ከማጥናት ይልቅ መለከፍን እመርጥ ነበር ብሎ በማስታወሻው አሰፈረ። በፓሪስ ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ ከራሱ የተደበቀውን ሲፈልግ የከረመ ሰው፣ ጎንደር ሲደርስ ያልተማሩ ሴቶች በአንድ ሌሊት ሲናገሩት አየ። ቀንቶባቸዋል።


የቅኔ ቤት ልጅ

አባቴ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አንድ ነገር ልበል። ቤተ ክርስቲያን ዛርን የምታወግዘው በከንቱ አይደለም፤ ሰውን ያስገብረዋል፣ ሀብቱን ያስበላዋል። ይህን ትተን በራሱ በርእሳችን ብንሄድ እንኳ፣ ዛሩን ከሴቲቱ ስውር አእምሮ የመጣ ነው ብንል የምናስረዳው የእርሷን ነገር ሳይሆን የእኛን ነው። እርሷ ከውጭ መጣብኝ ትላለች፤ ፍሮይድ ከውስጥሽ ወጣ ይላታል። ሁለቱም ባዕዱን ይቀበላሉ፤ በመኖሪያው ግን አይስማሙም።


የቀሃው አዛውንት

ልጄ፣ ይህን እኔም አልክድም። መኖሪያው ከውጭ ሲሆን ግን ሴቲቱ አታፍርበትም፤ ቤተሰቡም ተሰብስቦ ይደራደረዋል። ከውስጥ ሲሆን ብቻዋን ትቀራለች። ይህን ልዩነት ነርሷ ልጃችን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።


ነርስ ከአዘዞ

አባባ፣ በእርግጥም በየቀኑ የማየው ነው። «ለክፎኛል» ብላ የምትመጣ ሴት አጠገብ አምስት ዘመድ ይቆማል፤ «ጭንቀት ይዞኛል» የምትል ግን ብዙ ጊዜ ብቻዋን ትመጣለች። ነገር ግን ዛሩ የሚጠይቀውን ስታሟላ የኖረች፣ ባሏ ሲሞት ወይም ሲደኸይ ደግሞ የሚያሟላላት የጠፋ ሴትም አይቻለሁ። ድርድሩ የሚሠራው የሚደራደር እስካለ ብቻ ነው። ስለዚህ የዛር ቤትን በናፍቆት መመልከት ለእኛ ሥራ አይጠቅምም።


የፋሲል ግቢ ተማሪ

አባባ ያመጡት ነገር የመምህርን ጥያቄ ወደ ቴክኒክ የሚመልሰው ይመስለኛል። የዛሯ ሴት «ምን አልሁ?» ብላ የምትጠይቀው የሰማት ሰው ስላለ ነው። በልብ ወለድም እንዲሁ፣ ገጸ ባሕርይው የማያውቀውን ለማወቅ ከእርሱ ውጭ የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል፤ ያ ጆሮ ወይ ተራኪው ነው፣ ወይ አንባቢው።

ተራኪው ሁሉን አዋቂ ከሆነና የሚያውቀውን ሁሉ ከነገረን፣ እመቃውን በቃል ይገልጥልናል እንጂ አያሳየንም። «ሳያውቀው ወደዳት» ብሎ ከጻፈ ለእኛ የቀረ ሥራ የለም። ብዙዎቹ ቀደምት ልብ ወለዶቻችን የሚተርኩት በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ መምህር እመቃን ፈልገው ማጣታቸው አያስገርመኝም። ከፍሮይድ ጋር በአንድ ከተማ የኖረው ሐኪምና ደራሲ አርተር ሽኒትዝለር ግን በ1900 ባወጣው አጭር ልብ ወለድ ተራኪውን ከነጭራሹ አስወጣው። የምንሰማው የአንድ ወጣት መኮንን የውስጥ ንግግር ብቻ ነው፤ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ጋር ተጋጭቶ ክብሬ ተነካ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ስለ መግደል ያስባል፤ እኛ ግን ከሚደጋግማቸውና ጀምሮ ከሚያቋርጣቸው ሐሳቦች መሞት እንደማይፈልግ እናያለን። ጠዋት ጋጋሪው መሞቱን ሲሰማ ደስታው ይፈነዳል። ደራሲው በዚህ ጽሑፍ ምክንያት የተጠባባቂ መኮንንነት ማዕረጉን ተገፍፏል። ፍሮይድም በ1922 በጻፈለት ደብዳቤ፣ አምሳያዬን የማግኘት ያህል ፈርቼ ራቅሁህ ብሎታል።

ስለዚህ የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ምልክቱ ያለው ገጸ ባሕርይው በሚናገረው ሐሳብ ሳይሆን በሐሳቦቹ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። ከምን በኋላ ምን አለ? የት ላይ አቋረጠ? ያልተጠየቀውን የመለሰው መቼ ነው?


ቁጥር ወዳዱ

ልጄ፣ ይህ መልስ ደስ ይለኛል፤ ሊፈተሽ ይችላልና። ገጹን ከፍቶ «እዚህ ጋ አቋርጧል» ማለት ይቻላል፤ ሌላው ሰው ደግሞ አንብቦ «አላቋረጠም» ሊል ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በመጽሐፉ ውስጥ መቋረጡን ያስቀመጠው ደራሲ ነው፤ ትርጉም እንዲኖረው አስቦ አስቀምጦታል። ነርሷ ፊት የተቀመጠች ሴት ንግግሯን ስታቋርጥ ግን ምናልባት ውኃ ጠምቷት ይሆናል።


የማራኪው አንባቢ

በዚህ ላይ ከተስማማን ቀጣዩን ንባባችንን ለመወሰን አያስቸግርም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን «ሐምሌት» ይዘን እንቀርባለን። የምናነበው ሙሉውን ተውኔት ሳይሆን የሦስተኛውን ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት ብቻ ነው፤ አጎቱ ተንበርክኮ ሲጸልይ ሐምሌት ከኋላው ሰይፍ መዝዞ ይቆምና፣ አሁን ብገድለው ነፍሱ ትድናለች ብሎ ሰይፉን የሚመልስበት ቦታ። ሰጥቶት የሚሄደው ምክንያት የእምነት ምክንያት ነውና የቅኔ ቤቱ ወንድሜ ምክንያቱ በራሱ የሚቆም መሆን አለመሆኑን ቢመረምርልን፣ ተማሪዋ ደግሞ በየትኛው ስንኝ ላይ ሐሳቡ እንደሚታጠፍ ብታሳየን መልካም ነው። የፍሮይድን ፍቺ የሚያውቅ ሰው ሌሎቹ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ እንዳያነሣው እለምናለሁ። አባባም ቢመጡልን ከቤታቸው ድረስ ሄጄ ይዣቸው እመጣለሁ።